የአፋፍ ሚካኤል መረዋ

የገሊላ ሥራ መንገድ መምረጥ ነው። ከደብረ ብርሃን መንገደኛ ሰብስባ፣ በሚኒባስ ጭና አገር ታሳያለች። ሰው ይዛ ከመሄዷ በፊት ግን ብቻዋን ትሄድበታለች። እግሯ ያልረገጠውን አታሳይም።

በዚያ ዓመት በጥቅምት ዓለም ከተማ ገበያ ላይ አንድ ማሲንቆ መቺ ስትሰማ ዋለች። መሐል ሜዳ ከበግ ጠጉር ባና የሚሠሩ ሸማኔዎች ዘንድ ሁለት ቀን ተቀመጠች። ኅዳር ሲገባ ወደ ራቤል አለፈች፤ ከራቤል በእግሯ ሦስት ሰዓት ተጉዛ አፋፍ ሚካኤል ደረሰች። የመጣችው ለመረዋው ነው።

መረዋ የድንጋይ ደወል ነው። ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ በጠፍር ከጥድ ላይ ይንጠለጠልና በሌላ ድንጋይ ይመታል። የአፋፍ ሚካኤልን መረዋ የሰማ ሁሉ አይረሳውም ተብላ ነበር። ስትደርስ ግን አሮጌው ድንጋይ ከሁለት ተሰንጥቆ የጥዱ ሥር ተጋድሟል። ባለፈው ታኅሣሥ ውርጭ በወረደበት ማለዳ ሲመታ ነው የተሰነጠቀው። አሁን ከጥዱ ላይ የተሰቀለው አዲስ ነው። ግንበኛው አቶ ወዳጆ ከጥር ጀምሮ ገደል ለገደል እየዞሩ፣ ድንጋይ እያንኳኩ፣ ብዙውን እየጣሉ ያገኙት ነው።

በቅጥሩ ውስጥ ሰው ተሰብስቧል። ቄሰ ገበዝ ቴዎፍሎስ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ፣ እንግዳይቱን ከሩቅ አዩና ጠሯት።

«ምን ፈልገሽ ነው ልጄ?»

«መረዋውን ልሰማ መጥቼ ነው፣ አባ።»

«በደኅና ቀን መጣሽ። አገርሽ የት ነው?»

«ደብረ ብርሃን።»

«እዚህ ዘመድ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ማዶስ? ገብርኤል ዘንድ?»

«የትም የለኝም።»

ቄሰ ገበዝ አጠገባቸው ወደተቀመጡት ሽማግሌ ዞሩ። የማዶው የገብርኤል አጥቢያ ሽማግሌ አቶ ወልደ ጻድቅ ናቸው። «ይህችስ አትሆንም?» አሏቸው።

አቶ ወልደ ጻድቅ የሚገዛ በግ እንደሚያይ ሰው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «ጆሮዋ ደኅና ከሆነ ትሁን» አሉ።

ነገሩን ነገሯት። በዚያ አገር አንድ ቤት የሚቆጠረው ደወሉን ለሚሰማው ደብር ነው። በደወሉ ይሳለማል፣ በደወሉ ይዘከራል፣ ሲሞትም እዚያው ይቀበራል። ከገደሉ ማዶ ለብቻው ያለ አንድ ቤት አለ፤ የወይዘሮ አማከለች ቤት ነው። የሚካኤል መረዋ ከተሰነጠቀ ወዲህ እዚያ የሚደርሰው የገብርኤል ደወል ብቻ ነው። ስለዚህ ገብርኤል ቤቱን ጠየቀ፤ ጥያቄውም የወግ ነው። አማከለች ግን ባላቸውና አንድ ልጃቸው በሚካኤል ቅጥር ተቀብረዋል። ከእነሱ ተለይተው መቀበር አይፈልጉም። ስለዚህ ዛሬ አዲሱ መረዋ ይፈተናል። ከቤታቸው ከተሰማ የሚካኤል ናቸው፤ ካልተሰማ የገብርኤል።

«ከኛ ወገን ብንልክ እነሱ አያምኑም» አሉ ቄሰ ገበዝ። «ከነሱ ብንልክ እኛ አናምንም። አንቺ የማንም አይደለሽም።»

አንድ ጨርቅና እፍኝ ባቄላ ሰጧት። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ መረዋው ይመታል። ስንት ጊዜ እንደሚመታ አይነገራትም። በሰማች ቁጥር አንድ ባቄላ ጨርቁ ላይ ትጥላለች። አማከለችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ተሰማ የሚባለው ባቄላው ከተመታው ቁጥር ጋር ሲገጥም ነው። አንዷ የሌላዋን አታይም፣ አትጠይቅም። ሲያበቃ ከአፋፉ ላይ ነጭ ጋቢ ይውለበለባል። ያኔ ቋጥረው ይዘው ይመጣሉ።

«ባትሰሚው አልሰማሁም በይ» አሉ አቶ ወዳጆ።  መዳፋቸው በድንጋይ ተልጦ እንደ ቅርፊት ሆኗል።

ገሊላ ገደሉን በግራዋ እያደረገች ሁለት ሰዓት ሄደች። ብዙ ደብር አይታለች። ሥዕል አይታለች፣ የብራና መጽሐፍ አይታለች። አንድ ቤት የማን እንደሆነ በጆሮ የሚዳኝ አገር ግን አላየችም።

አማከለች ደጃፋቸው ላይ ጠጉር እየፈተሉ አገኘቻቸው። በጎቻቸው ከታች መስኩ ላይ ይግጣሉ።

«አንቺ ነሽ የላኩልኝ ጆሮ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ደብረ ብርሃን መኪና ይበዛል አሉ። አላደነቆረሽም?»

«እስካሁን ይሰማል።»

«እስቲ እናያለን» አሉና እርጎ ሰጧት። ገሊላ ጠጥታ ስልኳን አወጣች፤ ድምፁን ልትቀዳው ነው። አማከለች እንዝርታቸውን አቆሙ።

«ያ ምንድን ነው?»

«ድምፅ ይቀዳል።»

«ባቄላም ይቆጥራል?»

«አይቆጥርም።»

«እንግዲያው ዝጊው። ዳኝነቱ የሰው ጆሮ ነው።»

ዘጋችው። ሁለቱም እጃቸውን በየጋቢያቸው ውስጥ ከተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቤተ ክርስቲያኑ በጥድ ተሸፍኗል፤ ከዚህ ቢያዩት ጫካ ብቻ ነው። ገሊላ ግን ዓይኗን ከዚያ አላነሳችም። አማከለች ወደዚያ አላዩም። በጎቻቸውን ነበር የሚያዩት።

ከዚያ መጣ።

ብረት ይጮኻል። ይህ አልጮኸም። ቀጭን፣ ጥርት ያለ ነው፤ ገደሉን ሲሻገር የሚጎድለው ነገር ያለ አይመስልም። ደጃፉ ላይ ደረሰ፣ ትንሽ ቆየ፣ ሄደ። ገሊላ ባቄላውን ለመጣል ዘገየች። 

ሁለተኛው ፈጥኖ መጣ። ሦስተኛው ቆየ። ማንም በልማድ እንዳይገምት እያዛቡ ነው የሚመቱት። ንፋስ ተነሣ። አራተኛው ተሰማ፣ አምስተኛውም። ከዚያ ንፋሱ በረታ። አንድ ነገር ጆሮዋን የነካት መሰላት። ባቄላውን በሁለት ጣቷ ያዘች። ሰማሁ ልበል? ሴትዮዋ የሚቀበሩበት ቦታ ጣቷ ላይ ነው። ግን መረዋው ይሁን ንፋሱ አታውቅም። ባቄላውን መለሰችው። ጥቂት ቆይቶ ስድስተኛውን፣ ከብዙ ዝምታ በኋላ ሰባተኛውን ሰማች። ጋቢው ተውለበለበ።

ቋጠሩ። አማከለች ቋጠሯቸውን ብብታቸው ከትተው «እኔም እመጣለሁ» አሉ። ከገሊላ ይልቅ ይፈጥናሉ። በመንገድ ስለ በግ፣ ስለ ውርጭ፣ ስለ ልጃቸው አወሩላት። ስለ ቁጥሩ አንዲት ቃል አላወጡም። አንድ ቦታ ላይ ገሊላ አፏን ከፈተች፤ አማከለች ጣታቸውን አነሡ፤ ዘጋችው።

ከቅጥሩ ሲገቡ ሰው ከበባቸው። ቄሰ ገበዝ ነጭ ጨርቅ መሬት ላይ አነጠፉ። «እንግዳይቱ ትቅደም» አሉ።

ገሊላ ፈታች። ሰባት ባቄላ ወደቀ።

 የሰዎቹን ፊት አየች። ቄሰ ገበዝ ወደ መሬት አዩ። አቶ ወዳጆ ከጥዱ ሥር ቁጭ አሉ። ሰባት እንዳልነበረ ገባት።

«አሁን እርስዎ» አሉ ቄሰ ገበዝ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

አማከለች ቋጠሯቸውን ፈተው ዘረገፉ። አቶ ወልደ ጻድቅ ጎንበስ ብለው በጣታቸው እየለዩ ቆጠሩ። ዘጠኝ ነው። መረዋው የተመታውም ዘጠኝ ጊዜ ነው።

ማጉረምረም ተነሣ። «ወጣቷ ያልሰማችውን አሮጊቷ እንዴት ሰሙት?» አለ አንድ የገብርኤል ሰው።

«ሁለቱን ንፋሱ ሊወስድብኝ ነበር» አሉ አማከለች። «በጎቼ ቀና ሲሉ ጆሮዬን ወደዚያ ላክሁት። ያዝሁት።»

«እንግዲያው የሰሙት በጎቹ ናቸው» አለ ሰውየው። «በጎቹ ናቸዋ ሚካኤል የሚቀበሩት።»

ሰው ሳቀ። አማከለችም ሳቁ። «አንተ ቅዳሴ ላይ ስትተኛ ማን ነው የሚቀሰቅስህ? ጎረቤትህ አይደለም? ከተቀሰቀስህ በኋላ የምትሰማው ግን አንተ ነህ።»

አቶ ወልደ ጻድቅ አልሳቁም። ወደ ገሊላ ዞሩ። «ሲመታ ሴትዮዋ ወዴት ያዩ ነበር?»

«ወደ በጎቹ።»

«ቀና ሲሉ አይተሻል?»

ገሊላ አሰበች። ዓይኗ ጥዱ ላይ ነበር። «አላየሁም» አለች። «እኔ ወደዚህ ነበር የማየው።»

«በመንገድ ስንት ሰማሽ ብለውሻል?»

«አላሉኝም። ልነግራቸው ስል ከለከሉኝ።»

አቶ ወልደ ጻድቅ ባቄላዎቹን ለረጅም ጊዜ አዩ። ሰባቱ ለብቻ፣ ዘጠኙ ለብቻ ናቸው። ከዚያ ቆመው ወደ ሰዎቻቸው ተናገሩ።

«ሁለት ሰዓት ሙሉ አብረው መጥተዋል። ሊመሳጠሩ ቢፈልጉ ሁለቱም አንድ ቁጥር ይዘው ይመጡ ነበር። ይህች ልጅ በጎቹን አይቻለሁ ብትል ነገሩ ለሴትዮዋ ይቀና ነበር፤ አላለችም። ዘጠኝን ደግሞ በግምት አያገኙትም። ሴትዮዋ ሰምተዋል። ቤቱ የሚካኤል ነው።»

የገብርኤል ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። የተከራከረው ሰው ባርኔጣውን አንሥቶ እሺ አለ። አቶ ወዳጆ ከተቀመጡበት ሳይነሡ እጃቸውን ወደተንጠለጠለው አዲስ ድንጋይ ሰደዱና በመዳፋቸው ያዙት።

ገሊላ ወደ ቄሰ ገበዝ ቀረበች። «አባ፣ ሰው ይዤ ብመጣ ትፈቅዳላችሁ?»

«ይዘሽ ነይ። ለእንግዳ ተብሎ ግን አይደወልም። በሰዓቱ ይስሙት፤ ካልደረሱ ይደሩ።»

«ይደሩ» አለች ገሊላ። ሌላ ቦታ ቢሆን ትከራከር ነበር።

ቄሰ ገበዝ ወደ አማከለች ተመለሱ። «እንግዲህ የኛ ነዎት። የኅዳር ሚካኤል ዝክር ደግሞ ዘንድሮ የእርስዎ ተራ ነው። የቀረው ሳምንት ነው፤ እንዴት ይደርስልዎታል?»

አማከለች ባዶ ጨርቃቸውን አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱ።

«ጠላውን የጠነሰስሁት ባለፈው ቅዳሜ ነው» አሉ።