ሦስት ደቂቃ ለጅቡቲ

"በስም ይሁን ወይስ ለተገኘው ሰው?" አለች የቴሌዋ ሠራተኛ ዲንቄ። እስክሪብቶዋን ቅጹ ላይ አቁማ ከመስኮቱ ማዶ ትጠብቃለች።

ወይዘሮ አሰለፈች የጥቁር ነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ እንደያዙ ወደ አቶ አምባዬ ዞሩ። አቶ አምባዬ የዕድራቸው ዳኛ ናቸው። ዛሬ ጠዋት ከለቅሶ ቤት አስነሥተው እስከ ናዝሬት ቴሌ ድረስ ክንዳቸውን ይዘው ያመጧቸው እሳቸው ነበሩ። ስለ ስልክ ግን የሚያውቁት ነገር ስለሌለ ባርኔጣቸውን እጃቸው ላይ ያዞሩ ጀመር።

የስም ጥሪ ውድ ነው። ኦፕሬተሯ የተፈለገውን ሰው በስሙ ታስጠራለች፤ እሱ ራሱ ካልቀረበ መስመሩን ለማንም አትሰጥም። ለተገኘው ሰው ከሆነ ግን ማንም ያንሳው ማን ሦስት ደቂቃው ይጀምራል፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። ወይዘሮ አሰለፈች ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ወደ ጅቡቲ ሲደውሉ አንድ ቀን እንኳ በስም አስጠርተው አያውቁም። የልጅ ልጃቸው ሮማነወርቅ በቀጠሮዋ ሰዓት ከከሪማ ሱቅ ገብታ ስልኩ አጠገብ ተቀምጣ ስለምትጠብቃቸው ለስም የሚከፈለው ገንዘብ የሚጣል ገንዘብ ነበር።

ዛሬ ግን ማክሰኞ ነው፤ የሚፈልጉትም ሮማነወርቅን ሳይሆን ከሪማን። ከሪማ ወደ ጅቡቲ ተሻግራ የጨርቅ ሱቅ ከመክፈቷ በፊት እዚሁ ናዝሬት አጥር የምትጋራቸው ጎረቤታቸው ነበረች። ሮማነወርቅ በዚህ ሰዓት ከባቡር ጣቢያው በር ላይ ሻይ ትሸጣለች። ታዲያ ሱቁ ውስጥ ከከሪማ ሌላ ማን ስልክ ያነሣል?

"ለተገኘው ይሁን፣ ልጄ" አሉ። "ሦስት ደቂቃ።"

ዲንቄ ጻፈች። ገንዘቡን ተቀብላ ደረሰኙን ስትሰጣቸው ጥቁር ልብሳቸውን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። መስመሩ እስኪገኝ አግዳሚው ላይ አረፍ እንዲሉ፣ ስትጠራቸው ቁጥር ሁለት እንዲገቡ ነገረቻቸው።

አግዳሚው ላይ ሌሎች ሰዎችም ተራ ይጠብቁ ነበር። ቁጥር አንድ ውስጥ ፈይሳ የሚባለው የእህል ነጋዴ አርሲ ነገሌ ካለ ደንበኛው ጋር በበቆሎ ይከራከራል፤ በሩን ዘግቶም ድምፁ ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል። አንዱ ጠባቂ፣ ይሄ ሰውዬ ከደጅ ቆሞ ቢጮህ ስልክ ሳይከፍል አርሲ ነገሌ ይሰማው ነበር አለና ሰውን አሳቀ። ፈይሳ ላቡን እየጠረገ ሲወጣ ወይዘሮ አሰለፈችን አየ። ቁጣው ሁሉ ከፊቱ ጠፋ።

"አካም ቡልተን፣ አዮ?" አለ ጎንበስ ብሎ፤ እንዴት አደሩ፣ እናቴ ማለቱ ነው። ከዚያ ቆብ የሌለውን ራሱን በእጁ ዳብሶ ቀስ ብሎ ወጣ።

ሰብስቤ የሮማነወርቅ ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ስትሞት ጡት እንኳ አልጣለም ነበር። ወይዘሮ አሰለፈች ሁለቱንም ያሳደጉት፣ ወራጅ ውሃ እንዳይወስዳቸው፣ ወባ እንዳይይዛቸው፣ መኪና እንዳይገጫቸው እያሉ ቀን ከሌት ሲሰጉ ነው። ልጆቹ ለጓደኞቻቸው የእማዬ ስጋት የሚያልቀው እኛ ስናረጅ ነው እያሉ ይሥቁባቸው ነበር። ሮማነወርቅ ለሥራ ወደ ጅቡቲ ስትሄድ ለእሷ ፈሩ። ሰብስቤን ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስዱት ለእሱ ፈሩ። ባለፈው ዓርብ ንጋት ላይ በሩ ሲንኳኳ ግን የሚፈሩት ነገር አለቀ።

አቶ አምባዬ ከፊት ነበሩ። ከኋላቸው አምስት ስድስት ሰው፣ በመጨረሻም ክራንች የተደገፈ አንድ ወጣት። በዚያ ሰዓት፣ እንዲያ ሆኖ የመጣ ሰው ምን ይዞ እንደመጣ ለማወቅ አፉን እስኪከፍት አይጠበቅም። ወጣቱ ከሰብስቤ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ የነበረ ነው። እሱ እስኪናገር ሴቶቹ ወይዘሮ አሰለፈችን በግራና በቀኝ ክንዳቸውን ይዘዋቸው ነበር። ለዚህም ነው መርዶ በሰው፣ ሰው ተሰብስቦ የሚነገረው፤ የሰማው ሲወድቅ የሚይዘው እንዲኖር።

ሮማነወርቅንስ ማን ይያዛት? የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ወር ሙሉ መንገድ ላይ ነው። አቶ አምባዬና ሽማግሌዎቹ መክረው ወልዳ፣ ከአራስ ቤት ወጥታ፣ ክርስትና እስክታስነሣ ድረስ ምንም እንዳትሰማ ወስነው ነበር። ደንቡም እንዲያ ነው፣ ነፍሰ ጡር መርዶ አይነገራትም።

ይህ ሁሉ ልክ ነበር፣ ትናንት የልብስ ነጋዴዋ መሰለች ለቅሶ እስክትደርስ ድረስ። መሰለች በየአሥራ አምስት ቀኑ ጅቡቲ የምትመላለስ ሴት ናት። ደረቷን ስትመታ ቆይታ ባቡር እንዳያመልጣት ስትነሣ ወይዘሮ አሰለፈች ቀሚሷን ይዘው ለመኗት። ለሮማነወርቅ ትንፍሽ እንዳትል አስማሏት። ማለችላቸው። ነገር ግን መሰለች ያንን መሐላ ስትምል እንኳ እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ያ ፊት ነገ ጠዋት ጅቡቲ ጣቢያ ይወርዳል፤ እፊቱ ደግሞ ሮማነወርቅ የሻይ ብርጭቆ ይዛ ትቆማለች።

ስለዚህ ከሪማ ዛሬውኑ መስማት አለባት። ነገ ሮማነወርቅን ከጣቢያው ታስቀራት፣ ከናዝሬት ሰው ታርቃት። ጉዳዩ ይኸው ነበር።

"ግንባር ምናምን የሚል ቃል ስልክ ላይ እንዳያወጡ" አሉ አቶ አምባዬ በሹክሹክታ። "ማን እንደሚሰማ አይታወቅም። ልጁ አርፏል ይበሏት፤ ይበቃል። ሌላውን ከሪማ ታውቅበታለች፣ ሴት ናት።"

"እሺ።"

"ደግሞ አያልቅሱ። ደቂቃው በልቅሶ ያልቃል።"

ደቂቃ ስለማብቃቃት ለወይዘሮ አሰለፈች ማንም ሊነግራቸው አይችልም። በመሠረተ ትምህርት የቆጠሩትን ፊደል ለሌላ ለምንም አልተጠቀሙበትም፤ በየወሩ ቅዳሜ ማታ ለሮማነወርቅ የሚናገሩትን በተራ በተራ ወረቀት ላይ ይጽፉታል። እሑድ ስልኩን ሲያነሡ ሰላምታ እንኳ አስረዝመው አያውቁም። የሰብስቤ ደብዳቤ፣ የጣሪያው ፍሳሽ፣ የጎረቤት ሠርግ፣ የቀበሌ ስብሰባ፣ ሁሉንም ትንፋሽ ሳይወስዱ ያነቡላታል። ሮማነወርቅ እማዬ የሬዲዮ ዜና አንባቢ እያለች ትሥቅባቸዋለች። ዛሬ ግን ወረቀት አልያዙም።

"ጅቡቲ!" ስትል ዲንቄ ተጣራች። "እማማ፣ ቁጥር ሁለት ይግቡ።"

ገቡና በሩን ሳቡት። መስታወቱ ማዶ አቶ አምባዬ ቆሙ። የስልኩ እጀታ ከባድ ነበር፤ ከፊታቸው ያናገረው ሰው ላብ አልደረቀበትም። ውስጡ እንደ አሸዋ ወንፊት ሲንሿሿ ቆየና ጠራ።

"ሃሎ? ማን ልበል?"

ድምፁ የከሪማ አልነበረም።

ወይዘሮ አሰለፈች በነጻ እጃቸው ግድግዳውን ያዙ። ዝም ብለው ቢዘጉትስ? ከናዝሬት መሆኑን ኦፕሬተሯ ነግራት ይሆናል።

"ሃሎ? እማዬ? እማዬ ነሽ አይደል?"

"ነኝ፣ ሮማንዬ።"

"በሞትኩት! ምነው ዛሬ? ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው። ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። አንቺስ ... ጣቢያ አልሄድሽም?"

ሮማነወርቅ መተንፈሻ ሳታገኝ ነገረቻቸው። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ብሏታል። ከሪማ ከቅዳሜ ጀምሮ ሻዩን አስትታ ሱቅ ውስጥ አስቀምጣታለች፣ እሷ ከጓዳ ጨርቅ እያወጣች ነው። ነገ ደግሞ የናዝሬት ነጋዴዎች ይመጣሉ፤ መሰለች ያዘዘችውን ጣቃ ቆርጣ የምትሰጣት ሮማነወርቅ ራሷ ናት። የአገሯን ወሬ እንደ ልቧ ስታወራት ልትውል ነው።

ወይዘሮ አሰለፈች ይህን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከጣቢያው ሊያስቀሯት ሲያስቡ ልጅቷ መሰለች ከምትመጣበት ሱቅ ውስጥ ተቀምጣለች። ለስም የሚከፈለውን ቢከፍሉ ኖሮ ኦፕሬተሯ ከሪማን ታስጠራ ነበር፤ ከሪማም ከጓዳ ወጥታ ትሰማ ነበር። ይህችን ታህል ነገር።

"እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተቀመጪ" አሉ። "ጨው ቀንሺ።"

"እሺ።"

"ትበያለሽ?"

"እበላለሁ፣ እማዬ።"

"ጎሽ።"

ዝም አሉ። ከሪማን ስጪኝ ለማለት አፋቸውን ከፈቱ፣ ግን ለምን ብላ ብትጠይቃቸው የሚሉት አልነበራቸውም። ለጨርቅ ነው ይበሉ? ከመቼ ወዲህ?

"ሰብስቤ ጻፈ?" አለች ሮማነወርቅ።

"ጽፏል።"

"ምን ይላል?"

"ደህና ነኝ ይላል።"

"ሌላስ?"

"ሰላም በይልኝ ብሏል።"

በመስመሩ ውስጥ ከሩቅ የሱቁ መንገድ ጫጫታ፣ አንድ ሰው በፈረንሳይኛ ሲጣራ ተሰማ። አቶ አምባዬ መስታወቱን በጣታቸው ነኩና እጃቸውን ዘርግተው ጠየቁ፤ ከሪማ ናት? ወይዘሮ አሰለፈች ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አይደለችም። የሽማግሌው ፊት ደነገጠ።

"እማዬ" አለች ሮማነወርቅ። ድምጿ ቀጥኖ ነበር። "ዛሬ ለምን አትቸኩዪም?"

"ምን?"

"ሌላ ጊዜ አፌን አታስከፍቺኝም። አሁን ዝም ብለሽ ትተነፍሻለሽ። አንቺ ለመተንፈስ ስልክ የምትከፍዪ ሰው ነሽ?"

ወይዘሮ አሰለፈች ስለ ጣሪያው ሊነግሯት፣ ስለ ሠርጉ ሊነግሯት ፈለጉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ትንፋሽ ሳይወስዱ ያነበቡት ነገር ሁሉ የት እንደገባ ጠፋቸው። ነጠላቸውን ነክሰውት ነበር።

"እማዬ፣ ንገሪኝ ... አይ፣ አትንገሪኝ" አለች ሮማነወርቅ። ቀጥላም "ሰብስቤ ነው?" አለች።

መስመሩ ጠቅ አለና በመሃላቸው የኦፕሬተሯ ድምፅ ገባ። "ሦስት ደቂቃ ሞልቷል፣ እማማ። ይጨመር ወይስ ልቁረጥ?"

መስታወቱ ማዶ አቶ አምባዬ በሁለት እጃቸው ወደ ታች ይጫኑ ነበር፤ ያስቀምጡት፣ ያስቀምጡት። ደንቡን የሚያውቁ ሰው ናቸው። ነፍሰ ጡር ናት፤ መርዶ በስልክ ተነግሮ አያውቅም። ነገር ግን ወይዘሮ አሰለፈች ስልኩን ቢያስቀምጡት ልጅቷ ዛሬን ሙሉ፣ ሌሊቱንም ሙሉ ያንን ጥያቄ ይዛ ብቻዋን ትቀመጣለች፤ ነገ ደግሞ በመሰለች ፊት ላይ መልሱን ታነበዋለች። የማንንም እጅ ሳትይዝ፣ በሚገዛና በሚሸጥ ሰው መሃል።

"ይጨመር" አሉ።

"ሦስት ልጨምር?"

"ይጨመር፣ ልጄ። እኔ በቃ እስክል ድረስ።"

መስመሩ እንደገና ጠራ። ሮማነወርቅ አላለቀሰችም፣ ትንፋሿ ብቻ በፍጥነት ይመጣል።

"ሮማንዬ፣ ስሚኝ" አሉ ወይዘሮ አሰለፈች። ድምፃቸው ለራሳቸውም እስኪገርማቸው ረጋ ብሎ ነበር። "ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪውና ከሪማን ጥሪያት። አጠገብሽ ወንበር ስባ ትቀመጥ። እጅሽን ትያዝሽ።"

"እማዬ ..."

"እሷ ሳትቀመጥ አንዲት ቃል አልናገርም። ቀስ ብለሽ ተነሺ፣ ጠረጴዛውን ያዢ። እኔ የትም አልሄድም።"

እጀታው እንጨት ላይ ሲቀመጥ ተሰማቸው። ከዚያ የሚጎተት የእግር ድምፅ፣ ከዚያ ከጓዳው በር ከሩቅ ከሪማ፣ ከሪማ የሚል ጥሪ። አቶ አምባዬ መስታወቱን ደግመው አንኳኩ። ወይዘሮ አሰለፈች ጀርባቸውን ሰጧቸውና ስልኩን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ አጥብቀው፣ ማዶ ወንበር እስኪሳብ ድረስ፣ ደቂቃው ሲሄድ ጠበቁ።