የኔታ የተረቱ ዕለት

ከዳባት እስከ ደባርቅ የኔታ ልደቱ ያልዳኙት ጠብ የለም። ከመካነ ብርሃን ድረስ በእግሩ መጥቶ የሚሟገት ነበር። ድንበር ለተጋፉትም፣ በአንዲት ዶሮ ለተኳረፉ ወንድማማቾችም እኩል ይቀመጣሉ። በሊቅነታቸው ብዙም አይኮሩም፤ አንድ የሚኮሩበት ነገር ለዘመድ አለማድላታቸው ነው። ያን እሑድ ግን ተከሳሿ የገዛ ልጃቸው ሠርካለም ሆነች።

ሠርካለም ደባርቅ ላይ የፊዚክስ መምህርት ናት። ለቅሶ ቤት ስለ ነፍስ ወሬ ሲነሣ አንዱ ቢጠይቃት፣ «እኔስ እግዚአብሔር ለመኖሩ ማስረጃ አላየሁም» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና በሳምንቱ የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ሻረው፣ ከቅዳሴ በኋላ አባላቱን ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ሥር ሰበሰቡ። ከሐዲ ከመዝገብ ትሰረዝ ነው ነገሩ። የተሰረዘ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክልለት፣ ቃሬዛ የሚሸከምለት የለም። በዚህ አገር ከዚህ የከፋ ቅጣት ምን አለ? የኔታ ዳኛ ይሁኑን ሲባሉ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀመጡ።

«የለም ካለች ታስረዳ!» አሉ አቶ ሻረው። «ካላስረዳች ትሰረዝ!»

ሠርካለም ብድግ አለች። «የለም አላልሁም፤ ማስረጃ አላየሁም ነው ያልሁት። አለ የምትሉት እናንተ ናችሁ። ታዲያ ምስክር መቁጠር ያለበት ማን ነው?»

ሰዉ አጉረመረመ። የኔታ በልጃቸው አንደበት ደስ አላቸው፤ ደስ ስላላቸው ደግሞ ደነገጡ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ። «መሬቱ የኔ ነው ያለ ምስክሩን ይቆጥራል። ‹ያንተ መሆኑን አላውቅም› ያለውን ጎረቤት አስረዳ ብዬው አላውቅም። ሻረው፣ ላንተም የፈረድሁልህ እንዲሁ ነበር፤ ረሳኸው?»

አቶ ሻረው እንዴት ይረሳሉ! የወንዝ ዳር ማሳቸው የቀረላቸው በዚያ ፍርድ ነው። ይህ ቢነሣባቸው ተናደዱ።

«እንግዲያስ እርስዎ ያስረዱዋ፣ የኔታ!»

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። «አርባ ዓመት ቅኔ አስተምሬአለሁ፤ ሰዓታት ቆሜአለሁ። እግዚአብሔር ለእኔ ከዚህ መቋሚያ ይቀርበኛል። ለእሷ የማቆመው ምስክር ግን የለኝም። አለ ያልሁ እኔ ነኝ፤ የማስረዳቱም ሸክም የኔ ነው። እስካስረዳት ድረስ ስሟን ከመዝገብ የሚነካ የለም። ፈርጃለሁ።»

የኔታ ከፈረዱ በኋላ የሚከራከር የለም። አቶ ሻረው መዝገቡን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው መንገድ ጀመሩ፤ ግን አላስቻላቸውምና ዞር አሉ።

«በአርባ ዓመት የረታዎት ሰው አልነበረም፣ የኔታ። ዛሬ በሴት ልጅ ተረቱ!»

የኔታ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ ሊደብቁትም አልሞከሩም።

«አዎ፣ ረታችኝ!» አሉ፣ አጸዱ ሁሉ እስኪሰማ። «የማን ልጅ መሰለችህ!»