ከቀኝ የጀመረ እጅ

ኡም ኒዛር የጎልማሶች ትምህርቷን ልታቋርጥ ቆርጣለች። ትናንት አስተማሪዋ «ጮክ ብለሽ አንብቢ» ስትላት፣ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ምላሷ ተሳሰረና አንድም ቃል አልወጣትም። ስድሳ ዓመት ሙሉ እምቢ ያለ ፊደል አሁን በየት በኩል ይገባል? የናብሉስ ከተማ ሁሉ የሳቀባት መስሏት አደረች።

ባሏ አቡ ኒዛር ጋዜጣውን እንደያዘ፣ «ምን አለፋሽ? ቤትሽ ተቀመጪ ብዬሽ አልነበር?» አላት።

«አፍህን ዝጋና ቁርስህን ብላ!» አለችው። ውስጧ ግን እውነቱን ነው ይላት ነበርና ተቃጠለች።

እንዲህ እንደተኮሳተረች የወንድሟ ልጅ ራኒን መጣች። ራኒን ሰው ብዛትን በአእምሮው እንዴት እንደሚደረድር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታጠናለች። አክስቷንም ትምህርት ከመጀመሯ በፊት ፈትናት ነበር። ዛሬም የተለያየ ብዛት ያለው የወይራ ፍሬ የያዙ ሳህኖች አመሰቃቅላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አክስቴ፣ በብዛታቸው ደርድሪልኝ።»

«ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የላኩሽ? ጉድ ነው!» እያለች ደረደረች። ራኒን ሳህኖቹን ትኩር ብላ አየቻቸው።

«ምነው? አበላሸሁት?»

«ኧረ! ባለፈው ስንደጋግመው አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ ትጀምሪ ነበር። ዛሬ ጥቂት ያለበትን ቀኝ ጫፍ ላይ አድርገሽ ወደ ግራ አበዛሽው።»

«ታዲያ በየት ሊጀመር ኖሯል?»

«ይኸው! ፈረንጅ ቢሆን ከግራ ይጀምር ነበር። እንዳንቺ የሚደረድረው ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፈውን ዐረብኛችንን ማንበብ የለመደ ሰው ነው። ማንም ሳይነግርሽ እኮ ነው!»

ኡም ኒዛር አላመነችም። ሳህኖቹ ደጋግመው ተመሰቃቀሉ፤ እጇ ግን ሁሌም ከቀኝ ጀመረ። አቡ ኒዛርም «እስቲ እኔ» ብሎ ተነሳ። ያ ዕድሜውን በሙሉ ጋዜጣ ያነበበ ሰው፣ ልክ እንደ እሷ ደረደረ።

«አየህ?» አለችው፤ ኩራቱ እስከ ጆሮዋ አሞቃት። «እኔና አንተ አንድ ሆንን!»

አቡ ኒዛር ሳህኖቹን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ጋዜጣውንም አጣጥፎ አስቀመጠ።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ አስተማሪዋ ማንንም ከመጥራቷ በፊት ኡም ኒዛር እጇን አወጣች። ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፤ መሃል ላይ አንድ ቃል ያዛት። ታገለችው፤ ወጣላት። መስመሩ ሲያልቅ አስተማሪዋ «ይበቃል፣ ጎበዝ» አለቻት።

«አይ» አለች ኡም ኒዛር፣ «ገጹን ልጨርሰው።»