ሃምሳ ሲደመር ሃምሳ

መምህር ላቀው ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፈ። አንድ ባለሱቅ ለጃኬት የሃምሳ ፐርሰንት ቅናሽ አደረገ፤ ገዢ ሲጠፋ ሌላ ሃምሳ ፐርሰንት ቀነሰ። አሁን ዋጋው ስንት ነው?

«በነፃ ነዋ» አለ ክፍሉ። ሕይወትም አብራ ብላለች።

«እንዲህ ያለ ባለሱቅ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ካገኛችሁ ለእኔም ንገሩኝ» አለ ላቀው። ተማሪው ሳቀ። «ሁለተኛው ሃምሳ የሚቀነሰው ከተረፈው ላይ ነው። ከመቶ ብር ሃምሳ ቀረ፤ የሃምሳው ግማሽ ሲሄድ ሃያ አምስት ይተርፋል። ቅናሽ አይደመርም።»

ሕይወት አልሳቀችም።

አባቷ አቶ ጌታቸው ገበሬ ናቸው፤ ከክረምት ጀምሮ በጠና ታመው ኪኒን ሲውጡ ከርመዋል። ሐኪሙ፣ «ይህ መድኃኒት በድንገት አይቆምም፤ ሰውነት ይከዳል» ብሎ አስጠንቅቋቸው ነበር። «አሁን ሃምሳ ፐርሰንት ቀንሱ፤ ከሳምንት በኋላ ሌላ ሃምሳ ፐርሰንት። ከዚያ እኔ ጋ ትመለሳላችሁ።» ከቤቱ ፊደል የቆጠረችው ሕይወት ብቻ ስለሆነች ሂሳቡ ለእሷ ተተወ። የቀኑን አራት ኪኒን ሁለት አደረገችው። በሳምንቱ ሁለቱንም አስቀረች። ሃምሳና ሃምሳ መቶ አይደል? ጎበዝ መባል ጣጣው ይኸው ነው፤ መልሶ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም።

እሑድ ስንቋን ይዛ ወደ ከተማ ስትመለስ አባቷን ያስታውካቸው፣ ቀና ሲሉም ያዞራቸው ነበር። «በሽታው ሲወጣ ነው» አለች እናቷ ባንቺዓለም። እሳቸውም፣ «ልጄ አስልታዋለች፤ እናንተ ዝም በሉ» አሉ። ሕይወት ያኔ ደስ ብሏት ነበር።

አሁን ከወንበሯ ተነስታ ሁሉንም ለመምህሯ ነገረችው። ላቀው በጠመኔ አቧራ በነጣ እጁ ስልኩን አውጥቶ ሰጣት። ስልኩ ለረጅም ጊዜ ጠራ።

«እማዬ፣ አባዬ ኪኒኑን ይዋጡ። አሁኑኑ።»

«አበቃ አላልሽም እንዴ?»

«ተሳስቻለሁ። ስጫቸው።»

«ተኝተዋል እኮ። ሌሊቱን ሲቃዡ አድረው ገና አሁን ዝም አሉ። አትቀስቅሱኝ ብለዋል።»

«ቀስቅሻቸው፣ እማዬ።»

ስልኩ መደቡ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

«ኧረ ይነሱ» አለች ባንቺዓለም ከሩቅ። «ልጅዎ ናት የደወለችው።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ይነሱ እንጂ» አለች።

በአገሩ ወግ ሚስት ባሏን «አንቱ» ትላለች እንጂ ስሙን አታነሳም። ሕይወትም እናቷ አባቷን በስማቸው ስትጠራ አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም።

«ጌታቸው» አለች ባንቺዓለም። ከዚያ ድምጿ ከፍ አለ። «ጌታቸው። አንተ ጌታቸው።»