የስማቸው ሞተር

«ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ሞተር ማውራት ነውር ነው» አለ ውዱ፤ ብሎም ስለ ሞተሩ ማውራቱን ቀጠለ።

የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው። ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት ሾፌሮች እንዳይሰሙት ወደ መካኒኩ ወደ ደርበው ጠጋ ብሎ፣ የወንድሙ ሚኒባስ እንደቆመች ለመለዋወጫ ትሸጥ፣ ያን ሞተር ማሳደስ ሬሳ ማከም ነው ይለዋል። ሬሳ ማለቱ ራሱን አስደንግጦት ወደ እንቁ ዞረ። ሰምታዋለች። የባሏ የስማቸው ሰልስት ዛሬ ወጥቷል፤ እሷ ግን አሁንም ፊቷን ወደ አስፋልቱ አዙራ ነው የተቀመጠችው።

ልማድ ነው። ስማቸው ሚኒባሷን ይዞ ከዳንግላ እንጅባራ ሲመላለስ በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ከመሸ ጆሮዋ ከመንገዱ አይነሳም ነበር። ዝናብ ከጣለ ገደል ገብቷል፤ ጭጋግ ከሆነ ከከባድ መኪና ጋር ተጋጭቷል፤ ኔትወርክ ከጠፋ ደግሞ ሊነግሯት ፈርተው ስልኩን ዘግተውታል። ይህን ሁሉ ስታስብ ከባሕር ዛፎቹ አጠገብ፣ መታጠፊያው ላይ፣ ያ አሮጌ ሞተር ማርሽ ሲቀየርለት ያጓራል፤ ሁለቴ ይስላል። ያኔ ሽሮዋን ትጥዳለች። ስማቸው ያመጣውን የጥሊሊ ድንች በር ላይ እያወረደ፣ «ዛሬስ በምን ገደልሽኝ?» ይላታል እየሳቀ።

የሞተው አልጋው ላይ ነው። ይህን አንድም ቀን አስባው አታውቅም ነበር።

ሞተሩ ዘይት ይበላል። የኪሎሜትር ቆጣሪው እንኳ ደክሞት ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። ስማቸው ጠዋት ቁልፍ ከማዞሩ በፊት ከትንሿ ጀሪካን ዘይት ይጨምርለታል፤ የጀሪካኗን አፍ በመዳፉ ጠረግ ያደርግና መዳፉን ሱሪው ላይ ያብሳል። እንቁ ስለ ሱሪው ትነጫነጫለች። ይህን ከቤተሰቡ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በቀብሩ ዕለት ሾፌሮቹ፣ «የአዊ ሰው ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ ይከተለዋል፤ የስማቸው ፈረስ ይቺው ናት» ብለው ሚኒባሷን ነጠላ አለበሷት። ኮቱን መስተዋቷ ላይ ሰቅለው ከአስከሬኑ ኋላ በሰው እርምጃ ነዷት። ዘይት የጨመረላት የለም። እንቁ አይታ ጮኸች፦ «ዘይቷን! ዘይቷን ማን ይሙላላት!» ሴቶቹ እንደ ሙሾ ተቀበሏት። ደረታቸውን እየመቱ፣ «ዘይቷን ማን ይሙላላት» እያሉ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ አለቀሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ሞተሩ ተንቋቋና ዝም አለ። ሚኒባሷን ወደ ቤት የመለሷት እየገፉ ነው።

ደርበው ለውዱ ሲመልስለት፣ የሞተሩ ዋና አካል ብሎኩ ደህና ነው፣ ሞተሩ ወርዶ ፒስተኑና የተበላው ሁሉ ቢቀየር ይነሳል አለው።

«ይነሳ። ማን ሊነዳት?»

የእንቁ ልጅ እህተማርያም የሻይ ብርጭቆ መሰብሰቧን አቆመች። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ቆይታለች፤ እሁድ እሁድ አባቷ ከጎኗ ተቀምጦ ያስነዳት ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ግን ስለ መንዳት ትንፍሽ አላለችም። የእናቷን መልስ ታውቀዋለች።

መልሱ እንቁ አፍ ላይ ነበር። ትሸጥ። ከተሸጠች ጭጋጉም ዝናቡም አይመለከታትም፤ ማታ ማታ የምትጠብቀው አይኖርም። የምትጠብቀው አይኖርም። አስፋልቱ ላይ የሰው ሚኒባስ አለፈ። ጆሮዋ ጥቂት ተከትሎት ሄዶ ባዶውን ተመለሰ።

«ደርበው» አለች። «ከታደሰ በኋላ ድምፁ ያው ነው?»

«አይደለም እትዬ እንቁ። ይለዝባል። በር ላይ ካልደረሰ አይሰማዎትም።»

«እንዲያማ ከሆነ መሞቴ ነው።»

ወደ ልጇ ዞረች።

«መታጠፊያው ላይ ስትደርሺ ሁለቴ ክላክስ አድርጊ። ሰው ተኝቷል ምናምን እንዳትዪኝ።»

እህተማርያም እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

«በይ እንግዲህ፣ ደግሞ እሷን በየማታው ግደያት» አላት ውዱ እንቁን። ስለ ሽያጩ ግን አልደገመም።

እንቁ ተነስታ ቤት ገባች። ጀሪካኗ ስማቸው እንዳስቀመጣት ከበሩ ኋላ ናት፤ ግማሽ ድረስ ዘይት አላት። ይዛት ወጥታ ለልጇ ልትሰጣት ዘረጋችና መልሳ ሳበቻት። የጀሪካኗን አፍ በመዳፏ ጠረግ አደረገች፤ መዳፏንም ጥቁር ቀሚሷ ላይ አበሰች።