ጣፈጠች ራሷን የቀባች ቀን

ጣፈጠች ዘጠነኛ ወሯ ሲገባ ደጅ ደጁን ማየት አበዛች። የምትጠብቀው ባሏን አልነበረም። ገበየው አቡጀዲውን በበቅሎ ጭኖ ከወላይታ ሶዶ ወደ ገሱባ ገበያ ከወረደ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ የክረምቱ ወንዝ ሞልቶ እንዳስቀረው፣ አንጀቷ ቢቃጠልም፣ ታውቃለች። የምትጠብቀው ሴቶችን ነው።

በእሷ አገር፣ በጉራጌ፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት ወሯ ሲገባ ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣል። ራሷን ቅቤ ይቀቧታል፣ ገንፎ ሠርተው በእጃቸው ያጎርሷታል፣ "ማርያም ትማርሽ" ይሏታል። ኑልኝ ብሎ መጥራት ደግሞ ነውር ነው። ይሄን ነውር ማን አባቱ እንዳመጣው እንጃ! እናቷ ብትኖር ይሄኔ ቤቱን በሰው ትሞላው ነበር፤ ግን ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። ጣፈጠች ደግሞ ሶዶ ከገባች ገና ዓመት አልሞላትም።

ጎረቤቶቿ ክፉዎች አልነበሩም። ከአጥሩ ወዲያ ያለችው አስካለች ፍም ትሰጣታለች፤ እንሰት ስትፍቅ ቡላ ትልክላታለች። ግን አስካለች የጸሎት ቤት ሰው ናት፤ ማርያምን አትጠራም። ለዚህ ይሆናል የማትመጣው እያለች ጣፈጠች ሰኞን ጠበቀች፣ ማክሰኞን ጠበቀች፣ ቅዳሜ ደረሰ። ሆዷ ወደ ታች ወርዷል።

ቅዳሜ ከሰዓት በሩን ዘጋችና ገንፎውን ራሷ አገነፋች። መሃሉን ጎድጉዳ ቅቤ ሞላችበት። ሁለት በርጩማ ፊት ለፊት አስቀምጣ በአንዱ ተቀመጠች፤ ክንዷ እስኪዝል ራሷን ቅቤ ቀባች። ከዚያ ድምጿን እንደ እናቷ ጎርነን አደረገችና፣

"ማርያም ትማርሽ፣ ልጄ!" አለች።

"አሜን፣ እማዬ" ብላ ለራሷ መለሰች።

"አንዴ ጉረሺልኝ፣ በሞቴ!"

"በቃኝ፣ እማዬ፣ ጠገብኩ።"

ወይ ጣፈጠች! ገንፎውን ከደነችና አለቀሰች።

በማግስቱ ከጸሎት ቤት መልስ አስካለች በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዛ ገባች። ፊቷ ፈክቷል።

"እሰይ! ትናንት ዘመዶችሽ መጡልሽ አይደል? እኔና የሰፈሩ ሴቶች ቅቤ ይዘን በርሽ ድረስ መጥተን ነበር። ማርያም ማርያም ሲባል ሰማንና፣ የራሷ ሰዎች ደርሰውላታል፣ እኛ በየት በኩል ገብተን ብለን ተመለስን። እኛኮ ያንን አናውቅበትም፤ ትቀየማለች ብለን ስንፈራ ነው የቆየነው።"

ጣፈጠች ዞራ በሩን አየች። በሯ ድረስ መጥተው! ብቻዬን ነበርኩ ማለት ግን አቃታት። ለራሷ ገንፎ ያገነፋች፣ ለራሷ አሜን ያለች ሴት ምን ትባላለች? አበደች አይደል?

"አዎ" አለች። "አክስቶቼ ናቸው። ሦስት ሆነው ነው የመጡት። ሰው ሊጠይቁ ወጣ ብለው ነው።"

"ተመስገን! ምጥ ብቻሽን እንዳይዝሽ ብዬ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ጋ ላድር ነበር። እንግዲያው ልሂዳ።"

ቆዪ በያት እንጂ፣ አንቺ ሴት! ጣፈጠች ግን መሬት መሬቱን አየች።

አስካለች ልትሰናበታት ጎንበስ ብላ ሳመቻት። እግረ መንገዷን የጉራጌ ሴቶች አቀባብ ምን እንደሚመስል ልታይ ሻሿን ገለጥ አደረገችው። ቅቤው በግንባሯ በኩል ቀልጦ ወርዷል፣ አናቷ ላይ ተከምሯል። ወደ ኋላ የሄደው የአስካለች እጅ ግን ቆመ።

"አክስቶችሽ ቸኩለው ነበር እንዴ? እዚህ ማጅራትሽ ጋ ፀጉርሽ ደረቅ ነው።"

ጣፈጠች ሌላ ውሸት ልትጨምር አፏን ከፈተች።

"እጄ አልደረሰም" አለች።

አስካለች ሁለተኛውን በርጩማ ወደ ጣፈጠች ጀርባ ስባ ተቀመጠችና የቅቤውን ቅጠል መፍታት ጀመረች።