ዝም ብለሽ ቀቢው

ሹፌሩ ወገቡ ከተያዘ ወዲህ ከፒክአፑ ሥር መግባት የሚችል ሰው በቤቱ ውስጥ አንድ ብቻ ቀረ፤ እሱም ሚስቱ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ጎንበስ ብላ ስትሰፋ ስለምትውል የእሷም ወገብ ደህና የሚባል አልነበረም። ግን የእሷን ወገብ ማን ጠይቆ!

ዝናብ ከመግባቱ በፊት የመኪናው ሆድ ሬንጅ መቀባት አለበት። ሹፌሩ ዕድሜውን የጨረሰው ለነጋዴዎች ዓሣና በረዶ በማመላለስ ነው፤ ከጭነቱ የሚንጠባጠበው ጨዋማ ውሃ ደግሞ ብረትን አይምርም። ስለዚህ በየዓመቱ ከሥር ይገባና ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቆ፣ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ሬንጅ ከተቃጠለ ዘይት ጋር አሙቆ ይቀባዋል። ሰፈርተኛው «ምነው ሚስቱን እንዲህ ቢንከባከባት!» እያለ ይቀልድበት ነበር። ሚስቱም አብራ ትስቅ ነበር፤ ምን ታድርግ።

ዘንድሮ ግን መኪናው ለልጃቸው ሊሰጥ ነው። ልጅቷ ከአንድ መጋዘን ሲሚንቶ የማመላለስ ሥራ አግኝታለች። ዛሬ ገመድና ሸራ ፍለጋ ወጥታለች፤ ነገ ጠዋት የመጀመሪያ ጭነቷን ይዛ ከመጋዘኑ የሚነሳውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ትወርዳለች። አባቷ በጎረቤት ፊት መርቆ ቁልፉን ሲያስረክባት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ እናትየውም ለደስታ ነው ብላ አለፈችው።

የኋላ ጎማዎቹ በጉማጅ እንጨት ላይ ወጥተዋል። ልብስ ሰፊዋ ካርቶን አነጠፈች፣ ፀጉሯን በላስቲክ ጠቀለለች፣ በጀርባዋ እየተንፏቀቀች ገባች። ሹፌሩ የዓሣ ሳጥን ገልብጦ ከውጭ ተቀምጧል። ከሥር ሆና የሚታያት ጫማውና የከዘራው ጫፍ ብቻ ነው።

«አትፋቂ» አላት። «ባለፈው ዓመት በደንብ ፍቄዋለሁ። ዝም ብለሽ ቀቢው።»

«ዝገት ላይ ተቀብቶ ምን ሊፈይድ? ሳይፋቅ አይቀባም እያልክ ጆሯችንን ስታደነቁር የኖርከው አንተው አይደለህ እንዴ?»

«እኔው ነኝ። አሁን ደግሞ አትፋቂ እላለሁ።»

«ደግሞ ጀመረህ» አለችና ብሩሹን አነሳች። እሷ ያልተተኮሰ ጨርቅ የማትሰፋ ሴት ናት፤ ያልተፋቀ ብረት ቅቢ ብትባል እጇ እሺ አይላትም።

ሥራው አሰልቺ ነው። የዝገቱ ብናኝ ዓይኗ ውስጥ ይገባል፣ አንገቷ ሥር ይወርዳል፣ ጥርሷ ላይ ይንቀጫቀጫል። ክንዷ ዛለ። ትንሽ ታርፍና ትቀጥላለች። የኋላው ባሌስትራ መኪናውን ሙሉ ከሚሸከመው ብረት፣ ከሻንሲው ጋር ወደሚታሰርበት ቦታ ስትደርስ የብሩሹ ድምፅ ተለወጠ። ብረት ሲፋቅ ይጮኻል፤ ይሄ ግን ታፈነ። ካቻቪቴ አንስታ ጫን ብታደርገው እስከ እጀታው ገባ። መልሳ ስትስበው ጫፉ ላይ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ወጣ።

በሁለት ጣቷ እየጎተተች ታወጣው ጀመር። መጀመሪያ የመጋረጃ ቁራጭ መጣ፤ አምና ለአንድ ሆቴል የሰፋችው ነው። ቀጥሎ ሮዝ ሐር መጣ፤ የጎረቤት ልጅ ስትዳር ለሚዜዎቹ ከሰፋችው የተረፈ። ሬንጅ የነካው ዳር ዳሩን ብቻ ስለሆነ መሀሉ ገና እንደ አዲስ ነው። ከሁሉ ሥር ሰማያዊ ጨርቅ ነበር፣ የተማሪ ዩኒፎርም። ትምህርት ቤቱ ሥራውን ለሌላ ሰፊ ከሰጠባት አራት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ እዚያ ጨርቅ ላይ መቀስ አላሳረፈችም።

ባሏ «ለእጅ መጥረጊያ» እያለ ከመስፊያዋ ሥር ቁርጥራጭ ሲለቅም ስንቴ አይታዋለች። በዚያው በዩኒፎርሙ ዓመት ድንጋይና ብሎኬት አልጭንም ብሎ ደንበኞቹን ሲመልስ ደግሞ ሰነፍ ብላ ሰድባዋለች፤ ሁለት ሳምንት ተኮራርፈው ነበር። ላዩን ሲያዩት ጥቁርና አንጸባራቂ፣ ውስጡን ለቄስ!

«አንተ ሰው» አለች።

«አቤት።»

«ይሄ ቀዳዳ ስንት ዓመቱ ነው?»

የከዘራው ጫፍ መሬቱን ጫር ጫር አደረገ። «ፋቅሽው?»

«ፋቅሁት።»

«አትፋቂ ብዬሽ ነበር እኮ።» ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «በያጁ ጋ ወስጄው ነበር። በመዶሻ ነካ ነካ አደረገና፣ መጀመሪያ የሚበየድበት ብረት አምጣ፣ ይሄ ብረት አይደለም አለኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሽ ምን ልትዪ? አትንዳው ትያለሽ። ካልነዳሁ ደግሞ ምን እንበላለን? ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

«እሺ፣ ያንተስ ይሁን። ለልጅህ ይሄን ትሰጣታለህ?»

«ለልጄ የምሰጣት ሌላ ምን አለኝ?» አለ።

ቆሽቷ ሊያርር ይገባው ነበር። ለመናደድም ግን ጉልበት ያስፈልጋል፤ እሷ ጉልበቷን ብሩሹ ላይ ጨርሳዋለች። በጀርባዋ ተኝታ ቀዳዳውን ታየዋለች። በፊት ብረት የነበረበት ቦታ እንደ ደረቀ ቅጠል እየተሸረፈ ፊቷ ላይ ይረግፋል።

«መልሰሽ ጠቅጥቂበትና ቀቢው» አላት ለስለስ ብሎ። «ቀስ ብላ ከነዳች ምንም አይላት። እስክትደራጅ ብቻ።»

እውነቱን ለመናገር አንድ አፍታ አሰበችው። ሰው ሲደክመው የማያስበው ነገር የለም። ጨርቁ በእጇ ነው፣ ሬንጁ ሞቋል፣ ቀብታ ብትወጣ ማንም አያውቅም። ከዚያ ልጇ ከሲሚንቶው ጭነት ጋር ቁልቁለቱን ስትወርድ ታየቻትና ጨርቁን ወደ ውጭ ወረወረችው።

እየተንፏቀቀች ወጣች። «አልቀባውም። ለልጅቷም የምነግራት እኔ አይደለሁም። አንተው ትነግራታለህ።»

ልጅቷ ወዲያው ደረሰች፤ ገመድና የጭነት ሸራ ተሸክማ፣ በሩን በእግሯ ገፍታ፣ እየዘፈነች። «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው ከሰል የመሰልሽው?» ብላ ሳቀች።

«ቁልፉን መልሺልኝ» አለ አባቷ።

«ምን?»

«መልሺልኝ አልኩ። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ።»

ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። «አባዬ፣ ነገ ሰዎቹ ይጠብቁኛል እኮ! ሴት ስለሆንኩ ነው? ታጋጨዋለሽ ብለህ ነው?»

ሹፌሩ እጁን ለቁልፉ እንደዘረጋ ቀረ። እናትየው ገባት፤ ልጁ ንፉግ ብትለው ይመርጣል። እውነቱ ከሚወጣ እስከ ዕለተ ሞቱ ቢኮረፍ ይሻለዋል። አንጀቷን በላት። አንድ ቃል ብትተነፍስ ነገሩ ያልቃል፤ ግን ምላሷን ነከሰች። ባሏ ቀና ብሎ እንደ መለመን እያደረገው አያት። እሷ በጋዝ በነከረችው ጨርቅ እጇን ማሸቷን ቀጠለች።

«ከሥሩ አልቋል» አለ በመጨረሻ። «ሻንሲውን ዝገት በልቶታል። አራት ዓመት ሙሉ ጨርቅ ጠቅጥቄ፣ ሬንጅ እየቀባሁበት ነው የኖርኩት። ልሰጥሽ የነበረው ይሄንን ነው።»

ልጅቷ መሬት ላይ የተበተነውን ጨርቅ አየች። ጎንበስ ብላ ሰማያዊውን አነሳችና አገላበጠችው። እናትየው የማጽናኛ ቃል እያዘጋጀች ነበር፤ ሥራ አይጠፋም፣ ዋናው ጤና ነው ልትል። ልጅቷ ግን ስለ ሥራው አልጠየቀችም።

«እማዬን ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የምታደርሳት በዚህ ነበር?»

«ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው» አለ አባቷ።

«አባዬ! እማዬን?»

አንገቱን ደፋ።

ልብስ ሰፊዋ እጇን ማሸቷን አቆመች። ከሥር ተኝታ ያን ሁሉ ስታሰላስል ልጇን አስባለች፣ ባሏን አስባለች፣ ያሳለፉትን ዓመታት አስባለች። ራሷ ግን ትዝ አላለቻትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎኑ ተቀምጣ፣ የልብስ ጥቅሏን ታቅፋ፣ መንገዱን ሙሉ እንቅልፏን ትተኛ ነበር፤ ከሳምንቱ ያላት ዕረፍት እሱ ብቻ ስለሆነ። እሱ በየጉድጓዱ እየተሳቀቀ ይነዳል፣ እሷ በሰላም ታንኮራፋለች። አሁን የእሷም ነፍስ ነፍስ መሆኗን ሰው ሲናገርላት ስትሰማ፣ ካርቶኑ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ባሏ ከዘራውን ተመርኩዞ ሊነሳ ሞከረ፤ ወገቡ አልታዘዘለትም። «ይቅር በይኝ» አለ ከተቀመጠበት።

ልጇ አጠገቧ ተንበርክካ ሬንጁን ከጣቶቿ ላይ ትጠርግላት ጀመር፤ እሷም እጆቿን ዘረጋችላት።